ሦስት መቶ እርምጃ

ውዱ ጥይት ሲተኮስ ከቅርብ ሰምቶ አያውቅም። ወንድ ልጅ ሲወለድ በሚተኮስበት፣ ሙሽራ ሲገባ በሚተኮስበት፣ ሽማግሌ ሲቀበር በሚተኮስበት አገር ሃምሳ ዓመት ኖሯል። ያም ሆኖ የተኩስ ድምፅ ለእሱ ሁልጊዜ ሩቅ ነበር፤ ከሜዳው ማዶ ሰው ጋቢ ሲያራግፍ እንደሚሰማው ያለ።

ጆሮው ደህና ነው። እምቢ የሚለው ጠመንጃው ነው። ውዱ ባለበት ምላጭ ይሳባል፣ ቀጭ ይላል፣ በቃ። በተወለደ ዕለት አባቱ ደጅ ወጥቶ ለመተኮስ ሰባት ጊዜ ሞክሮ ሰባት ጊዜ ከሸፈበት። አልቢን ጠመንጃው ያረጀ መስሎት ሸጦ ሌላ ገዛ። ነገሩ ከልጁ መሆኑ የገባው ሦስተኛውን ጠመንጃ ከገዛ በኋላ ነው። ጠበል ወሰዱት፤ ሼህ ዘንድም ወሰዱት። ሁሉም ልጁ ደህና ነው አሉ። ጠመንጃው ግን አልተኮሰም።

አፋኙ የሚለው ስም የወጣለት በኋላ፣ በጎልማሳነቱ በሠራው ሥራ ነው። ሽፍቶች ወሬውን ሰምተው ፈለጉት። ከሮቢት ወደ ቆቦ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ቁጥቋጦ ውስጥ ያስቀምጡታል። ጭነት የያዘ ትሬንታ ኳትሮ መኪና እያቃሰተ ሲመጣ መንገዱ ላይ ድንጋይ ተደርድሮ ያገኛል። የመኪናው ጠባቂ ምንሽር ጠመንጃውን ያነሳል፤ ቀጭ። ሽፍቶቹ የራሳቸውም ጠመንጃ እንደማይሠራ ስለሚያውቁ ዱላ ብቻ ይዘው ይወርዳሉ። ውዱ ከዘረፋው ድርሻ ጠይቆ አያውቅም። የሄደበት ምክንያት ሌላ ነው፤ ሽፍቶቹ ከአንድ ገበታ አብረውት ይበሉ ነበር። እናቱ ከሞተች ወዲህ ከሰው ጋር በልቶ አያውቅም ነበር።

አንድ ክረምት እንዲህ አለፈ። ከዚያ ጋሹ የሚባል ጠባቂ በዱላ ተደብድቦ አንድ ዓይኑ ጠፋ። ውዱ ቁጥቋጦው ውስጥ ተቀምጦ ጩኸቱን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሰማ። በማግስቱ ብቻውን ሄዶ እጁን ሰጠ። አምስት ዓመት ተፈረደበት፤ በሦስተኛው ዓመት ፈቱት። ዘበኞቹ፣ ይኼ ሰው እዚህ እያለ እኛ የያዝነው እንጨት ነው ብለው አማርረው ነበር።

ወደ መንደሩ ሲመለስ ሽማግሌዎቹ አላባረሩትም። ከመንደሩ ምን ያህል ቢርቅ ጠመንጃ እንደሚሠራ ግን ማወቅ ፈለጉ። እሱን ሜዳው መካከል አስቀምጠው አንድ ጎበዝ ምላጭ እየሳበ፣ እየራቀ ሄደ። በሦስት መቶኛው እርምጃ ተኮሰ። እዚያ ቦታ ላይ ትልቅ ድንጋይ አቆሙ። ውዱ ጎጆውን ከድንጋዩ ወዲያ፣ በስተምሥራቅ በኩል፣ ተቀምጦበት በነበረው ቦታ ሠራ። ከዚያ ወዲህ ጠመንጃ የያዘ ወንድ ድንጋዩን አያልፍም፤ ወንድ ደግሞ ያለ ጠመንጃ አይሄድም። ሴቶችም ወሬ ፈርተው አይሄዱም ነበር።

እሱ የፈለገው ቅሬ መግባት ነበር። በዚያ አገር ሰው ሲሞት የሚቀብረው ቅሬው ነው። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አንድ ቅሬ ነው፤ መቃብሩ ይለያይ እንጂ ለቅሶው አንድ ነው። ቅሬ የሌለው ሰው የሚሸከመው የለውም። ውዱ ስምንት ዓመት ሙሉ፣ በየዓመቱ መስከረም ላይ፣ የቅሬውን ዳኛ ወልደ ሚካኤልን መንገድ ላይ ጠብቆ ለመነ።

"አያ ወልደ ሚካኤል፣ አንቱ ያውቁኛል። ስሞት ማን ያነሳኛል?"

"ውዱ፣ ቅሬ የገባ ሰው ለቅሶ መድረስ አለበት። አንተ ከደረስክ ተኩስ የለም። ተኩስ ከሌለ ምኑን ተቀበረ?"

በስምንተኛው ዓመት ሽማግሌው ደክሞት ይመስላል፣ መፍትሔ አመጣ። ውዱ መቃብር ይቆፍር፤ ሬሳ ከቤት ሳይወጣ ግን ቆፍሮ ጨርሶ ከድንጋዩ ወዲያ ይመለስ። አንዲት ቀን ተኩስ ቢያፍን ከቅሬው ይወጣል። ውዱ የዳኛውን ጉልበት ሳመ። ለመግቢያ እንዲሆነው በእጁ ቃሬዛ ሠራ፤ አራቱ እጀታዎች ትከሻ እንዳይቆርጡ አለስልሶ፣ መሃሉን በጠፍር አስሮ። የመንደሩ የቀድሞ ቃሬዛ ተሰብሮ ስለነበር በደስታ ተቀበሉት። ከዚያ በኋላ የሞተ ሁሉ በውዱ ቃሬዛ ሄደ። እሱ ከሩቅ ሆኖ ተኩሱን ይሰማል።

የሚያናግረው አንድ ሰው ነበር፤ ትርንጎ። እርሻዋ ከድንጋዩ አጠገብ ስለሆነ፣ ማሽላው ሲያሽት ማማ ላይ ወጥታ በወንጭፍ ወፍ ትጠብቃለች። እሱ አጥሩ ጋ ይቆማል። እየጮሁ ያወራሉ።

"አያ ውዱ! ወፉን ወዳንተ ሰደድኩት!"

"እዚህ ምን አግኝቶ ይበላል?"

"አንተን!"

አንድ ቀን፣ ስትሞት ምን እንዲደረግልህ ትፈልጋለህ አለችው። ጨዋታ ነበር።

"አንድ ጥይት።"

"አንድ ብቻ? አያ ይርጋ እኮ መቶ ነው የሚለው!"

"አንድ ይበቃኛል። ያን ቀን ይሠራ ይሆናል፤ ሞቼ የለ።"

ትርንጎ ሳቀች። ከዚያ ወንጭፏን ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

ኅዳር ላይ ያ መቶ ጥይት የሚለው አያ ይርጋ ሞተ። በአካባቢው የተከበረ ሰው ነበር። የትርንጎ ባል ከዓመታት በፊት በጎርፍ መስኖ ውኃ ተራ ተጣልቶ የይርጋን የመጀመሪያ ልጅ ገድሎ፣ እስር ቤት ሞቷል። የይርጋ ሁለተኛ ልጅ ካሳ የወንድሙን ደም ከትርንጎ ልጅ ከአባይ ሊመልስ ሲነሳ፣ አባቱ "እኔ በሕይወት እያለሁ ደም አይፈስም" ብሎ አስምሎት ነበር። መሐላው የሚይዘው አባቱ እስኪሞት ነበር።

ውዱ በማለዳ መቃብሩን ቆፍሮ ተመለሰ። ረፋድ ላይ ትርንጎ መጣች። ድንጋዩን አልፋ አጥሩ ድረስ ስትመጣ የመጀመሪያዋ ነበር። ነጠላዋን አዘቅዝቃለች።

"አባይ ምንሽሩን ወልውሎ ወጣ" አለችው።

"ቅር አትይውም?"

"ጤነኛ ወንድ ከቅሬ ቀርቶ? እኔ ፈሪ አይደለሁም አለኝ። ሃምሳ ሰው ይተኩሳል አያ ውዱ። ከሃምሳው አንዷ ዝቅ ብትል ማን ተኮሳት ይባላል?"

"ለዳኛው አልነገርሽም?"

"ነገርኩት። አያ ይርጋን ያለ ተኩስ ቅበሩ ብል ማን ይሰማኛል አለኝ።"

ና አላለችውም። ዓይኗ ግን ወደ ድንጋዩ ሄዶ ተመለሰ።

"ሕጉን ታውቂዋለሽ" አላት።

"አውቀዋለሁ።"

"ስምንት ዓመት ነው የለመንኩት።"

"አውቃለሁ። ከማማው ላይ ሆኜ አይህ ነበር።"

ሌላ ነገር ሳትጨምር ሄደች። ውዱ አጥሩ ላይ ተደግፎ ቆየ። ከመንደሩ በኩል ሙሾው ይሰማል። ሬሳው ከቤት ወጥቷል ማለት ነው። በውዱ ቃሬዛ ላይ ነው። ለእሱ ግን ይሰማው የነበረው ሌላ ድምፅ ነው፤ ከሃያ ዓመት በፊት ከመንገዱ ዳር የሰማው የጋሹ ጩኸት። ያን ቀን ከቁጥቋጦው ተነስቶ ቢሮጥ ኖሮ፣ ሦስት መቶ እርምጃ ቢርቅ ኖሮ፣ የጋሹ ምንሽር ይተኩስ ነበር። አልተነሳም ነበር።

ድንጋዩን ሲያልፍ መዳፉን አሳርፎበት አለፈ።

ለቅሶ ሜዳው ላይ ሰዉ ክብ ሠርቷል። ሬሳው መሃል ላይ አርፏል። ወንዶቹ እየፎከሩ ይዞራሉ፤ ገና መተኮስ አልጀመሩም። ውዱ በማሽላው ጠርዝ በኩል መጥቶ ከሰዉ ጀርባ ተቀመጠ። ማንም አላየውም።

የመጀመሪያው ሰው አፈሙዙን ወደ ሰማይ አነሳ። ቀጭ። የጎኑ ሰው ቀጭ። ከዚያ ሜዳው ሁሉ ቀጭ ቀጭ አለ፤ እየተደናገጡ ይስባሉ፣ ያጎርሳሉ፣ እንደገና ይስባሉ። ያን ጊዜ ነው ሰዉ ሁለቱን ጠመንጃዎች ያየው። የካሳ ጠመንጃ ወደ ሰማይ አላነጣጠረም። ወደ አባይ ደረት ነው። የአባይም ወደ ካሳ ደረት ነው። ሁለቱም ምላጭ ስበው፣ ሁለቱም ከሽፎባቸው፣ ባሉበት ደርቀው ቀሩ።

"አፋኙ!" አለች ራቢዓ የምትባል የመንደሩ ሴት። "አፋኙ እዚህ ተቀምጧል!"

ሰዉ ዞረ።

"የዛሬን እንኳ አትምረንም?"

"አያ ይርጋ እንደ ውሻ በዝምታ ይቀበር?"

"አንሱት! አውጡት!"

አንድ ጎረምሳ በዱላ ትከሻውን መታው። ውዱ አልተነሳም። ከተነሳና ከሄደ ጠመንጃዎቹ ይነቃሉ። ሁለተኛ ተመታ። ሣሩን በሁለት እጁ ጨብጦ ተቀመጠ። ሁልጊዜ የሚፈራው ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ እንዲህ ሲያየው ነበር፤ አሁን እያዩት ነው።

"ተውት!" አለ ወልደ ሚካኤል። ሽማግሌው ውዱን አላየውም። በካሳና በአባይ መካከል ገብቶ ሁለቱንም ጠመንጃዎች በአፈሙዛቸው ያዘ። ሌሎች ሽማግሌዎች ተከተሉት። "ሁላችንም አይተናል" አላቸው። "ከእንግዲህ ከሁለት አንዳችሁ ብትሞቱ፣ ገዳዩ አልታወቀም የሚል የለም። ወደ መቃብሩ ሂዱ። ካሳ፣ በአባትህ አፈር ላይ ትምላለህ፤ አባይ፣ አንተም ትምላለህ።"

አያ ይርጋ ያለ ተኩስ ተቀበረ። ቦታው ጸጥ ብሎ ስለነበር አፈሩ ሲወርድ ይሰማ ነበር፤ ሴቶቹ ከዚያ በፊት ሰምተውት አያውቁም። ካሳና አባይ አፈሩ ሳይደርቅ ማሉ፤ አንዱ ሌላውን ሳያይ። ውዱ የመጨረሻው ሰው ወደ ቤቱ እስኪገባ ድረስ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ተቀምጦ ጠበቀ። ሲያልፉ የተፉ ነበሩ። ትርንጎ ከሴቶቹ መካከል አንገቷን ደፍታ አለፈች።

በሦስተኛው ቀን ወልደ ሚካኤልና አባይ ቃሬዛውን ተሸክመው መጡ። ዳኛው አጥሩ ጋ ሲደርስ ቆመ፤ አስቦበት የመጣውን ነገር ቶሎ ተናገረ።

"ከቅሬ የወጣ ሰው የሰጠው ነገር ይመለስለታል። ሕጉ ነው።"

"ቢያቆዩት ይሻል ነበር" አለ ውዱ። "ሌላ የላችሁም።"

"እናሠራለን።"

"መጋቢት ላይ ጠፍሩን ማጥበቅ ያስፈልግ ነበር።"

ሽማግሌው ጠፍሩን አየ። "ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ ውዱ" አለ። ከዚያ ቃሬዛውን አስቀምጦ፣ እጁን በውዱ ትከሻ ላይ፣ የተመታው በኩል፣ ሳያውቅ አሳርፎ፣ ተመለሰ።

አባይ ቀረ። ምንሽሩን ከትከሻው አውርዶ ሰማይ ላይ አነጣጥሮ ምላጩን ሳበ። ቀጭ።

"ቀድሜው ስቤ ነበር" አለ። "ከካሳ በፊት ነው የሳብኩት። ባትመጣ እሱ ነበር የሚሞተው።"

"ከዚያስ?"

አባይ አፈሙዙን ወደ መሬት አወረደ። ፊቱ በንዴት ይሁን በእፍረት ቀልቷል። "ሰዉ በአፋኙ ቀሚስ ተጠለለ ይለኛል" አለ። "ዕድሜዬን ሁሉ።"

"ይበል።"

"እናቴ ስለ አንዷ ጥይት የነገርካትን ነገረችኝ። ስትሞት ልተኩስልህ ብል ቅሬው አይፈቅድልኝም። አልመጣም ማለት ነው፤ አልዋሽህም።" ጠመንጃውን መልሶ አነገተ። "ደህና ሁን፣ አያ ውዱ።"

ሄደ። ውዱ ከቃሬዛው አጠገብ ቆሞ ጀርባውን አየው። ልጁ ድንጋዩ ጋ ሲደርስ አለፈው፤ ጥቂት እርምጃ ሄዶ ዞረ። ፊቱን ወደ ጎጆው አድርጎ፣ እግሮቹን ገጥሞ፣ ለሽማግሌ እንደሚደረገው ባርኔጣውን አወለቀ። ምንሽሩን ወደ ሰማይ አነሳ።

ድምፁ ወደ ዞብል ተራራ ሄዶ ተመለሰ። ጋቢ እንደሚራገፍ አልነበረም። ውዱ በሕይወቱ ለሌላ ሰው ሲተኮስ ብዙ ሰምቷል። ሽማግሌ እንደሚቆመው ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ ድምፁ ሙሉ በሙሉ እስኪያልቅ ድረስ አልተንቀሳቀሰም። አባይ ባርኔጣውን አድርጎ ሄደ። ማማው ላይ ማንም አልነበረም፤ ማሽላው ታጭዷል።

ሲመሽ ጤዛ እንዳያርሰው ቃሬዛውን ወደ ውስጥ ጎተተው። ጎጆው ለአንድ ሰው የተሠራ ነው። ቢያዞረውም ቢያዘነብለውም አልገባም፤ ሁለቱ እጀታዎች በበሩ በኩል ወደ ደጅ ወጥተው ቀሩ፤ በሩም ሳይዘጋ አደረ።