ከትልቁ የጀመረ ፍተሻ

የእህቴ ልጅ ሕግ የምትማረው ዩኒቨርሲቲ ነው፤ የምትከራከረው ግን እኛ ልብስ ማጠቢያ ቤት ውስጥ ነው። ከትምህርት ስትወጣ በቀጥታ ትመጣና ከመተኮሻ ጠረጴዛዬ ፊት ለፊት የልብስ ቅርጫት ገልብጣ ትቀመጣለች። እኔ እተኩሳለሁ፣ እሷ ትከራከራለች። ካውያ እጅንና ዓይንን እንጂ ጆሮን አይፈልግም፤ ስለዚህ እኔ የማውቀውን ሁሉ የተማርኩት በጆሮዬ ነው። ስብከቱንም፣ ዜናውንም፣ አሁን ደግሞ የወንጀል ማስረጃ ሕግን።

በዚያ ሰሞን ለምስለ ችሎት ውድድር ትዘጋጅ ነበር። መምህራቸው ከጥንት መጻሕፍት አንድ ወንጀል መርጣችሁ በዛሬው የማስረጃ ሕግ መርምሩ ብሏቸው፣ እሷ የቢንያምን ጽዋ መረጠች። ታሪኩን ለረሳ ሰው፦ ዮሴፍን በልጅነቱ ወንድሞቹ ሸጡት። ከብዙ ዘመን በኋላ ረሃብ ሲመጣ እህል ፍለጋ ግብፅ ወረዱ፤ እህሉን የሚሸጥላቸው ጌታ ያው የሸጡት ወንድማቸው መሆኑን ግን አላወቁም። ዮሴፍ ልባቸው ተለውጦ እንደሆነ ሊያይ ፈለገና የብር ጽዋውን በታናሹ በቢንያም ስልቻ ውስጥ አስደበቀ። ከዚያ የቤቱን አዛዥ ከኋላቸው ላከ። ተፈተሹ፤ ጽዋው ከቢንያም ስልቻ ወጣ። ይሁዳ የሚባለው ወንድም ግን ልጁን ጥዬ አልሄድም፣ በእሱ ፈንታ እኔ ባሪያ ልሁን ብሎ ቆመ። ያን ጊዜ ዮሴፍ አልቻለም፤ አልቅሶ ማንነቱን ገለጠ።

ልጅቷ ባለቤቱ ረስቶት የቀረ ጥቁር ካባ ከመስቀያው አውርዳ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገችና መጀመሪያ ዐቃቤ ሕግ ሆነች።

«ክቡር ፍርድ ቤት፣ ዕቃው የተገኘው በተከሳሹ ስልቻ ውስጥ ነው። ስልቻው በእጁ ነበር። ከዚህ ወዲያ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?»

«አበቃ! ተፈረደበት!» አለች እናቷ። እናቷ ታላቅ እህቴ ናት፤ የቤቱም ባለቤት እሷ ናት። ሁላችንም እትዬ እንላታለን።

«ኧረ አንቺ ሴትዮ!» አሉ ጋሼ አረፋ ከማጠቢያ ማሽኖቹ መካከል። ከአባታችን ጊዜ ጀምሮ እጃቸው እስከ ክርናቸው ሳሙና ውስጥ ስለሆነ ነው አረፋ የተባሉት። «ጽዋውን ያስቀመጠው ዮሴፍ መሆኑን እያወቅሽ በልጁ ትፈርጃለሽ?»

«እኔን የገረመኝ የዮሴፍ ብልሃት ነው፤» አለች እትዬ። «ሰው በሳቁ አይታወቅም። የሚታወቀው ሲጨንቀው ነው።»

ይህን ያለችው ወደ በሩ እያየች ነው። በበሩ የሚገባው ጥይቱ ነበር። ልብስ ለደንበኛ የሚያደርስልን ልጅ ነው፤ ጥይቱ ያልነውም በፍጥነቱ አይደለም። ባለሱቁን ሰላም ሳይል፣ የጫማ ሠሪውን ልጆች ደህንነት ሳይጠይቅ፣ የተኛች ድመት ሳይደባብስ መንገድ አያልፍም። ጋሼ አረፋ ባዩት ቁጥር «ሞት አንተን ቢልክ ኖሮ ይኼ ሰፈር ቀብር አያውቅም ነበር» ይሉታል። እሱም «እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ» ብሎ ይስቃል። በዚያ ሳምንት ይህ ልጅ የእህቴን ልጅ ለትዳር ጠይቆ ነበር። ልጅቷ እሺ ብላለች። እትዬ ግን «ቅዳሜ መልስ እሰጣለሁ» ብላ ዘግታዋለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ያላት ይህችው አንድ ልጅ ናት፣ ለሁሉም የሚስቅ ሰው ደግሞ አይዋጥላትም።

የበሩ ደወል ጮኸ፣ ደንበኛ መጣ፣ እትዬ ወደ ፊት ወጣች። መከላከያውን ሳትሰማ ቀረች። ልጅቷ ካባውን ገለበጠችና ጠበቃ ሆነች።

«ማስረጃ ዕቃው የት እንደተገኘ ብቻ አይናገርም አጎቴ። ማን ፈለገው? እንዴት ፈለገው? መጽሐፉ ራሱ አዛዡ ከትልቁ ጀምሮ በትንሹ ጨረሰ ይላል። የጠፋበት ሰው እንዲህ ይፈልጋል? የጠፋበት ሰው የቀረበውን ይዘረግፋል፣ ይበትናል፣ ተመልሶ ይበረብራል። በሥርዓት በዕድሜ ቅደም ተከተል የሚሄድ ሰው፣ የት እንደሚጨርስ አስቀድሞ ያወቀ ሰው ነው!»

ካውያውን ማስቀመጫው ላይ አቆምኩት። ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው የኖርኩት ታሪክ ነው፤ ያቺ ቃል በጆሮዬ ስንቴ ገብታ ስንቴ ወጣች! ምስጋና ለእሱ ይሁን፣ ቃሉ አያረጅም ብዬ ወደምተኩሰው አንገትጌ ተመለስኩ።

ሐሙስ ጠዋት ነበር ነገሩ የሆነው።

በእኛ ቤት አንድ ልብስ ኪሱ ሳይገለበጥ ውኃ አይነካም። ከኪስ የተገኘው ሁሉ፣ ቁልፉ፣ ማበጠሪያው፣ የከረሜላ ወረቀቱ ሳይቀር፣ ባንኮኒው ላይ ባለ ትልቅ ብርጭቆ ውስጥ ይጠራቀማል፤ ባለቤቱ ሲመጣ ይወስዳል። የጥርስ ሐኪሙ የእጅጌ ቁልፎች እዚያ ነበሩ። ከብር የተሠሩ፣ ትንንሽ፣ የሚያምሩ ናቸው። ሰውየው ሁልጊዜ ሸሚዙ ላይ እየረሳቸው ይልካል።

«የሐኪሙ የብር ቁልፎች ጠፍተዋል!» አለች እትዬ ድንገት። «ማንም እንዳይወጣ! ቦርሳ ይፈተሻል!»

ማሽኖቹ ቆሙ። ጥይቱ ለደንበኛ የሚያደርሰውን ልብስ በክንዱ ይዞ ነበር፤ መልሶ ሰቀለው። የሁላችንም ቦርሳ በበሩ ጎን ባሉት ምስማሮች ላይ ነው የሚንጠለጠለው። ለበሩ የሚቀርበው የጥይቱ ነው። እትዬ አልፋው ሄደች። የጋሼ አረፋን ከፈተች፣ ዘጋች። የራሷን ከፈተች፣ ዘጋች። የእኔን ስትከፍት አጠገቧ ቆሜ ነበር። ከላይ ዳቦዬ አለ። አላነሳችውም። የጠፋበት ሰው ዳቦ ያነሳል፤ ከዳቦ ሥር ስንት ነገር ይደበቃል! ያን ጊዜ ሆዴ አንድ ነገር ነገረኝ። ግን ታላቅ እህቴን በሰው ፊት ምን እላታለሁ?

በመጨረሻ የጥይቱን ከፈተች። እጇ በቀጥታ ወደ ጎን ኪሱ ገባ፤ በነጭ ስስ ወረቀት የተጠቀለለ ነገር ይዞ ወጣ። ፈታችው። የብር ቁልፎቹ!

«ምን ትላለህ?» አለች።

ለድመት እንኳ ቃል የማያጣው ልጅ አንድ ቃል አጣ። አንገቱን ደፋ።

«እንዲህ ከሆነማ ከዚህ ቤት እንጀራህ አብቅቷል። የልጄንም ነገር ርሳው።»

በዚህ መሐል ደወሉ ጮኸና የእህቴ ልጅ መጽሐፏን አቅፋ ገባች። ጥይቱን አየች፣ በእናቷ መዳፍ ላይ ያለውን ብር አየች፣ ከዚያ ፊቷ ቀላ። ጠጋ አልኳትና ቀስ ብዬ፣

«ፍተሻው ከትልቁ ነው የጀመረው፤» አልኳት። ሌላ አልጨመርኩም።

ልጅቷ መጽሐፏን መተኮሻ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችና ያን ጥቁር ካባ ደረበች።

«እማ፣ እከራከርለታለሁ።»

«ጠበቃዋ እጮኛ፣ ዳኛዋ አማት!» አሉ ጋሼ አረፋ። «ጥሩ ችሎት ነው፤ ይግባኙ ማእድ ቤት ሊሆን ነው።»

«እርስዎ ዝም ይበሉ፤» አለች እትዬ። «ትናገር። የሚያስፈራኝ ነገር የለም።»

«ቁልፎቹ መጥፋታቸውን በምን አወቅሽ?»

«ብርጭቆውን አየሁታ።»

«ብርጭቆው ይኸው እስከ አፉ ሙሉ ነው። ማበጠሪያ፣ ጠመኔ፣ የማን እንደሆነ የማይታወቅ የአሻንጉሊት እግር። ሳትገለብጪው ከሥር ያለው መጉደሉን በምን አየሽ?»

«እናት ነኝ፤ ልቤ ይነግረኛል።»

«ልብ ምስክር ሆኖ አይቀርብም እማ፤ መስቀለኛ ጥያቄ አይጠየቅም። እሺ፣ ለበሩ የቀረበው የማን ቦርሳ ነው?»

እትዬ ወደ ምስማሮቹ አየች፣ መልሳ ወደ ልጇ። «የ… የሱ።»

«እሱን አልፈሽ ለምን በጋሼ ጀመርሽ?»

«ትልቅ ሰው ናቸው! ክብር ነው!»

«ለክብሩስ አመሰግናለሁ፤» አሉ ጋሼ አረፋ።

«በፍተሻ የሚያከብር ሰው ገና አሁን አየሁ፤» አለች ልጅቷ። ስሱን ወረቀት ከባንኮኒው አነሳችና ወደ ብርሃን ከፍ አደረገችው። «አሁን ይኼን ኤግዚቢት እንይ። የሰረቀ ሰው ብሩ እንዳይጫር ብሎ በወረቀት ይጠቀልላል? ቢጠቀልልስ ጠርዙን እንዲህ በሦስት ማዕዘን አጥፎ ወደ ውስጥ ይሸጉጣል? ጥይቱ ወረቀት ማጠፍ ቢያውቅ ኖሮ ሸሚዙ ሁሉ ተጨማዶ ባልደረሰ ነበር። በዚህ ቤት እንዲህ የምታጥፍ አንዲት ሴት ብቻ…»

አልጨረሰችም። ጋሼ አረፋ የላስቲክ ሽርጣቸውን ከአንገታቸው አውልቀው መካከል ገቡ። የማዕዘኑና የኤግዚቢቱ ነገር አልገባቸውም፤ የገባቸው ልጁ አንገቱን እንደደፋ መቅረቱ ብቻ ነው።

«ይብቃ!» አሉ። «ወረቀት እያገላበጣችሁ ልጁን አትግደሉት። ስሚ ልጄ። ይኼ ልጅ ዘገምተኛ ነው። ነጩን ከቀለሙ ጋር ይቀላቅልብኛል። ተናድጄ ያላልኩት ነገር የለም። ግን አመመኝ ብዬ የቀረሁ ቀን፣ ሳይነግራችሁ የኔን ማሽን ሲያጥብ ውሎ፣ ማታ ሾርባ ይዞልኝ የመጣ እሱ ነው። ጥፋት ከሆነ በኔ ይሁን። እሱን አቆይውና እኔን አሰናብቺኝ። እኔ ኖሬያለሁ፤ እሱ ገና ጎጆ ሊወጣ ነው።»

ሽርጡን ባንኮኒው ላይ አኖሩት። ውኃው ጠብ ጠብ ይላል።

የእህቴን ፊት አየሁት። ታሪኩን ከእኔ በላይ ታውቀዋለች፤ ከፊቷ ማን እንደቆመም ገብቷታል። ጋሼ አረፋ ብቻ ናቸው ይሁዳ መሆናቸውን ያላወቁት።

«እኔ ነኝ!» አለችና ፊቷን በሽርጡ ሸፈነችው፤ እርጥብ ነበርና እንባዋና ሳሙናው ተቀላቀለ። «እኔ ነኝ ያስቀመጥኩት! ዮሴፍን አይቼ… ሲጨንቀው ምን እንደሚሆን ልየው ብዬ… ወይኔ ዓይኔ!»

«ሳሙና ነው፤ አትሺው፤» አሉ ጋሼ አረፋ። ከዚያ ነገሩ ገባቸው። «እንዴ! እኔ ለተውኔት ነው ሥራዬን የለቀቅኩት?»

ሳቁ ከየት እንደጀመረ አላውቅም። ልጅቷ መሰለችኝ። እትዬ ዓይኗን እየታጠበች፣ እያለቀሰች ትስቃለች። ጥይቱ ግን አልሳቀም። እትዬ ፊቷ እንደራሰ ሄዳ ከፊቱ ቆመች።

«ልጄ፣ በድዬሃለሁ። ዮሴፍ የተበደለ ሰው ነበር፤ አንተ ምን አድርገኸኝ ነው የፈተንኩህ? ይቅር በለኝ።»

«እትዬ፣ እርስዎ እናት ነዎት፤» አለ ጥይቱ። «ቅዳሜ ሊነግሩኝ ያሰቡት መልስ ግን… አሁን ቢነግሩኝ ይሻለኝ ነበር። እስከ ቅዳሜ ሌላ ነገር ቦርሳዬ ውስጥ እንዳይገኝ።»

«እሺ ነው! መልሱ እሺ ነው፤ ምን ቀረኝ!»

«ተከሳሹ በነጻ ይሰናበት፤» አለች ልጅቷ ካባዋን እያወለቀች።

«ማንም አይሰናበትም!» አለች እትዬ። «ጋሼ፣ ሽርጥዎን ይልበሱ!»

«እርጥብ ነው።»

«መቼ ደርቆ ያውቃል?»

የሐኪሙን ሸሚዝና የብር ቁልፎቹን ለማድረስ በዚያ ቀን እትዬ ራሷ ከጥይቱ ጋር ሄደች፤ ልጇ የፈረደችባት ቅጣት ነው። በመስኮት አየኋቸው። ሱቁ ጋ ቆሙ። ጫማ ሠሪው ጋ ቆሙ። ድመቷ ጋ ጥይቱ ሲጎነበስ እትዬ ወገቧን ይዛ ሰማይ ሰማይ ታያለች። ትንሽ ቆይታ ግን እሷም ጎንበስ ስትል አየኋት።

ሲመለሱ ቀኑ ተጋምሶ ነበር። የእህቴ ልጅ እርሳሷን ጆሮዋ ላይ ሰክታ ክርክሯን ታስተካክላለች።

«አጎቴ፣» አለችኝ፣ «አንድ ነገር አስተውለሃል? በታሪኩ ሁሉ ሰው ይናገራል፤ አዛዡ፣ ይሁዳ፣ ዮሴፍ። ቢንያም ግን አንድ ቃል አልተናገረም። ተከሳሹ ቃሉን አልሰጠም።» ወደ ጥይቱ ዞረች። «አንተስ? ያን ሁሉ ጊዜ ለምን ዝም አልክ? አላደረግኩም አትልም ነበር?»

ጥይቱ ቦርሳውን ምስማሩ ላይ ሰቀለ። የጎኑን ኪስ ከፈት አድርጎ አየት አደረገና ዘጋው።

«መጀመሪያ ደንግጬ ነው፤» አለ። «በኋላ ግን ጋሼ አረፋ ስለኔ መናገር ጀመሩ። እዚህ ቤት ከገባሁ ወዲህ አንድ ቀን ደግ ነገር ብለውኝ አያውቁም። ካቋረጥኳቸው ዳግመኛ አይሉኝም ብዬ ፈራሁ።»

«ሰምቼሃለሁ!» አሉ ጋሼ አረፋ ከማሽኖቹ ኋላ። «ያ ነጭ አንሶላ የታለ፣ አንተ ቀርፋፋ?»

«መጣሁ ጋሼ!» አለ ጥይቱ፣ ቀስ ብሎ እየሄደ።