ተኝቶ የሚከፈት በር

ማክሰኞ ጠዋት፣ ሦስት ሰዓት ገደማ፣ የእታፈራሁ የስፌት ጠረጴዛ ከሥር ተንኳኳ።

እታፈራሁ የስፌት መኪናውን እጀታ ማዞር አቁማ አዳመጠች። ሦስት ጊዜ ነው የተንኳኳው፤ ሁለቱ ፈጠን ብለው፣ አንዱ ዘግየት ብሎ። ጎንበስ ብላ ከጠረጴዛው ሥር አየች። የወለሉ ሴራሚክ አለ፣ ነጠላ ጫማዋ አለ፣ ትናንት ስትፈልገው የዋለችው ጠመኔም አለ። ሰው የለም። ጠመኔውን አንስታ ቀና አለች።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ!»

በእኛ አገር በር የሚያንኳኳ ሰው ሁሉ ስሙ «እኔ ነኝ» ነው። ትክክለኛ ስሙን ለፖሊስ ያስቀመጠው ይመስል፣ ማነው ሲሉት እኔ ነኝ ይላል፤ የቤቱም ሰው ይከፍትለታል። እታፈራሁ ድምፁን ወዲያው ለየችው። አያልነሽ ናት፤ ግራር ሥር ሰፈር ሳሉ በአንድ ግድግዳ ትዋሰናት የነበረችው፣ ወንፊት መዋስ የማይታክታት አያልነሽ። ግራር ሥር ከፈረሰ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ጎረቤቱ በየአቅጣጫው ሲበተን አያልነሽ የት እንደደረሰች ያወቀ አልነበረም፤ ስልኳም አይሠራም።

ጠረጴዛው በር ነው። ግራር ሥር የነበረው የእታፈራሁ ቤት በር፣ ወፍራም፣ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ፣ ከነቁልፉ። ሰፈሩ የፈረሰ ዕለት የነዋሪው ተወካይ «በሩን ይተዉት፣ ከቤቱ ጋር ይፈርሳል» ሲላት፣ እታፈራሁ ማጠፊያውን በቢላዋ ፈታ በሩን በጀርባዋ ተሸከመችው። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ድረስ ብቻዋን አወጣችው። ሰው ሊያግዛት ቢጠይቅም እምቢ አለች፤ ያን ቀን ለሁሉም ነገር እምቢ ነበር መልሷ። ኮንዶሚኒየሙ የራሱ በር ነበረውና ለሌላ በር ቦታ ጠፋ። ስለዚህ አስተኛችው።

ሁለት የእንጨት ቋሚ አሠርታ በላያቸው አጋደመችው። ቁመቱን የለካችው ተቀምጣ፣ በክርኗ ነው፤ የስፌት ጠረጴዛ ከክርን ከፍ ካለ ትከሻ ያዝላል፣ ዝቅ ካለ ወገብ ይቆርጣል። ፊቱን ጨርቅ እንዳይዝ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጋ ሻማ አሸችበት። መኪናውን እላዩ አላስቀመጠችም። አጠገቡ ዝቅ ያለ ሳጥን አድርጋ፣ የመኪናው ወለልና የበሩ ፊት እኩል እንዲሆኑ አስተካከለች፤ ከባድ ድሪቶ ሲሰፋ በሩ ላይ ያርፍና መርፌውን አይጎትትም። እንዳይንገዳገድም ማጠፊያውን ከኋለኛው ቋሚ ጋር በቡሎን አሰረችው። ማጠፊያውን ያልጣለችው ደህና ማጠፊያ ስለሆነ ነው። ሌላ ሐሳብ አልነበራትም።

አሁን መቀሱን፣ ሜትሩን፣ የክሩን ቆርቆሮና የጨርቁን ክምር አንድ በአንድ መሬት አወረደች። በዚህ ጊዜ ሦስቴ ተንኳኳ። በር ላይ የሚሰፋ ሰው ዕቃውን ሁሉ በአንድ ሰፊ ትሪ ላይ ቢያደርግ ይሻለዋል፤ እንግዳ ሲመጣ በአንድ ጊዜ ያነሳዋል። እታፈራሁ ይህን ያወቀችው ከዚያን ዕለት ጀምሮ ነው። ቁልፉን አዙራ በሩን ወደ ላይ ከፈተችው።

ከሥሩ የግራር ሥር መንገድ ነበር። ጭቃ ነው፤ ሌሊት ዘንቧል መሰለኝ አለች በሆዷ። አያልነሽ ከላይ ለሚያያት በጀርባዋ የተኛች ትመስላለች፤ እሷ ግን ቆማለች።

«ምነው እንዲህ ጠፋሽ?» አለች አያልነሽ።

«እናንተ ናችሁ እንጂ የጠፋችሁት!»

«እኛማ አለን። በርሽን ነቅለሽ የሄድሽው አንቺ ነሽ። ቤትሽ ተበርግዶ ያድራል። ውሻ ይገባል። ትናንት የማን እንደሆነ ያልታወቀ በግ መደብሽ ላይ ተኝቶ አገኘነው።»

እታፈራሁ ፊቷ ቀላ። እድሜ ልኳን ቤቷን ሳትቆልፍ ጉሊት እንኳ ወጥታ አታውቅም።

«በሩን ልመልስዋ።»

«ከመለስሽው በምን እንገናኛለን?»

አያልነሽ ያለችው እውነት ነበር።

«መጋረጃ ስፊለት» አለች አያልነሽ። «ወፍራም ይሁን፤ ነፋስ የማያነሳው። ጨርቁን ከየቤቱ እናዋጣለን። ደግሞ ወንፊት አለሽ?»

እታፈራሁ ወንፊቱን አቀበለቻት። በሩ ከተዘጋ በኋላ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ትንሽ አለቀሰች፤ ደስ ብሏት ነው።

ከዚያ በኋላ ጎረቤት መጉረፍ ጀመረ። ጋሽ ውብሸት ከካኪ ሸሚዛቸው ጀርባ ቆርጠው አመጡ። እማሆይ ስኂን የነጠላቸውን ጫፍ፣ እነ ይርገዱ የልጃቸውን የትምህርት ቤት ዩኒፎርም፣ የእድሩ ዳኛ ከድንኳኑ ሸራ አንድ ስንዝር። ሁሉም በየተራ እያንኳኳ «እኔ ነኝ» ይላል፤ እታፈራሁም ዕቃዋን በትሪ እያነሳች ትከፍታለች። ግራር ሥር ሃያ አንድ ቤት ነበረው። መጋረጃውን ድሪቶ አድርጋ፣ ቁራጮቹን በዚያው አሰላለፍ ልትሰፋ ወሰነች፤ የአያልነሽ ቁራጭ ከእሷው አጠገብ፣ የጋሽ ውብሸት ከውኃ ቧንቧው ማዶ። ለራሷ ቤት ደግሞ ከምትለብሰው ቀሚስ ጠርዝ ቆረጠች።

ሥራው ሥራ ነውና በሥርዓቱ ሠራችው። ብጣሹን ሁሉ አስቀድማ አጠበች፤ ቀይ ጨርቅ ሳይታጠብ ከነጭ ጋር ከተሰፋ፣ በኋላ ሲታጠብ ነጩን ያበላሸዋል። ከስኳር ካርቶን አንድ አራት ማዕዘን ቆርጣ ሁሉንም በእሱ ለካች፤ በዓይን የሚለካ ሰው መጨረሻ ላይ ጠርዙ አልገጥም ብሎ ሲፈታ ይውላል። ለድንኳኑ ሸራ መርፌ ቀየረች። በላዩ ጨርቅና በገበሩ መካከል የሳሳ ብርድ ልብስ አደረገች። ሦስቱ እንዳይሸሹባት ከመሐል ጀምራ ወደ ዳር በረጅሙ ጊዜያዊ ስፌት ያዘቻቸው።

ሃያ ቁራጭ ሞላ። ከመሐል ትንሽ ወደ ቀኝ፣ መንገዱ የሚታጠፍበት የጥግ ቤቱ ቦታ ባዶ ቀረ።

«የጥግ ቤቱ ሰው አልመጣም?» ብላ ጠየቀች።

«ቤቱ እዚህ አለ» አለች አያልነሽ። «ሰውየው ግን እናንተ ጋ ነው።»

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የፊት ለፊቱ በር ተንኳኳ፤ የቆመው በር። አቶ ሲራክ ነበር። የሕንፃው ኮሚቴ ሰብሳቢ ነው፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ልክ ከእታፈራሁ ሥር ይኖራል። ግራጫ የሱፍ ኮት ለብሶ ማኅደር ይዟል። በሩን ይተዉት ያላት የግራር ሥር ተወካይ እሱ ነበር። «ፈርሙ፣ አብረን ነው የምንነሳው፣ አንድ ላይ ነው የምንሰፍረው» እያለ በየቤቱ ያዞረውን ወረቀት እታፈራሁ አልረሳችውም። ከሃያ አንዱ ቤት አንድ ሕንፃ ላይ የሰፈሩት እሷና እሱ ብቻ ናቸው። በልጅነቱ አፍንጫውን ጠርጋለታለች፤ ያኔ እትዬ ይላት ነበር።

«ወይዘሮ እታፈራሁ» አለ። «ወለልዎ ላይ ያለ ፈቃድ በር ከፍተዋል።»

«ወለሌ ላይ ሳይሆን ጠረጴዛዬ ላይ ነው።»

«የእኔ ጣሪያ ነው።»

«ጣሪያህ ላይ በር አየህ?»

«አላየሁም። ግን ከጣሪያዬ በላይ፣ ከእርስዎ ወለል በታች ሰው ሲመላለስ እሰማለሁ። ዛሬ ጠዋት በግ ጮኸ።»

«የማን እንደሆነ አልታወቀም» አለች እታፈራሁ።

አቶ ሲራክ በማኅደሩ ላይ ጻፈ። ቀና ሲል ድሪቶውን አየ። ከዳር ጀምሮ ቁራጮቹን በዓይኑ ተከተለ፤ ባዶው ቦታ ላይ ሲደርስ ፊቱን ወደ መስኮቱ መለሰ።

«በዚህ ዘመን ድሪቶ ይሰፋሉ? ሱቁ ሁሉ ብርድ ልብስ አይደለም?»

«ድሪቶ ነው» አለች። «የማላፍርበት ድሪቶ ነው። ይልቅ አንድ ቁራጭ ጎድሎኛል። ከኮትህ እጅጌ አንድ ስንዝር ስጠኝ።»

«ለምን?»

«ለጥግ ቤት።»

«ግራር ሥር የሚባል ሰፈር የለም። ፋይሉ ተዘግቷል።» ወረቀት አውጥቶ አቀረበላት። «ቅዳሜ አራት ሰዓት ላይ አናጺ ይዤ መጥቼ በሩን አነሳለሁ። በዚህ ይፈርሙ።»

«አልፈርምም። አንዴ ፈርሜልህ ያየሁትን አይቻለሁ።»

«ባይፈርሙም ይነሳል።»

«ሞክረው» አለች እታፈራሁ፤ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። እሱ ከወጣ በኋላ ንዴቱ ሥራ አላስይዝ አላት። በሩን ከወሰደባት አያልነሽ፣ ጋሽ ውብሸት፣ ሁሉም ለሁለተኛ ጊዜ ሊጠፉ ነው። የፈራችው ይህንን ብቻ ነው።

ዓርብ ቀኑን ሙሉ ሰፋች። ጠርዙን በጥቁር ጨርቅ ዘመዘመችው፤ ማዕዘኖቹን አጥፋ በእጅ ጨረሰቻቸው። ባዶውን ቦታ ገበሩንና ብርድ ልብሱንም ቆርጣ ባዶ እንደሆነ ተወችው። እጅ ቢገባበት ወዲያ ማዶ ይወጣል።

ቅዳሜ ጠዋት ቤቱን ጠረገች፣ ሰሐኖቿን አጥባ ደፋች፣ መኪናውን በጨርቅ ሸፈነች። የቆመውን በር ክፍት ተወችው። ከዚያ የተኛውን በር ከፈተችና ድሪቶውን አቀበለች። ከሥር ብዙ እጅ ተቀበለው። መቀሱን፣ አንድ ጥቅል ጥቁር ክርና ወፍራሙን መርፌ በመሐረብ ቋጠረች።

«ምን ልታደርጊ ነው?» አለች አያልነሽ።

«ልሰቅለው ነዋ። ሌላ ሰው ከሰቀለው ይንጋደዳል።»

«ከዚያስ?»

«በዚህ ዕድሜዬ ሁለቴ በሰው እጅ አልነቀልም» አለች እታፈራሁ። «አሁን በራሴ እግር ነው የምሄደው።»

ገባች። በሩ ከላይዋ ተዘጋ፤ ቁልፉም ከውስጥ ሁለት ጊዜ ዞረ።

አራት ሰዓት ላይ አቶ ሲራክ ሞሲሳ የሚባል አናጺ ይዞ መጣ። ጠረጴዛው ላይ ምንም አልነበረም፤ ጠመኔ ብቻ አጠገቡ ወድቋል። ሞሲሳ በሩን ለማንሳት ሞከረ፤ ተቆልፏል። ከነቋሚው ሊገፋው ሞከረ፤ አልነቃነቅ አለው። ጎንበስ ብሎ ከሥር አየ።

«ሴራሚክ ነው» አለ። «ግን አንድ በር እንዲህ አይከብድም። ቤት ተያይዞበታል።»

«እንዴት ያለ ቤት?»

«እኔ አናጺ ነኝ፤ ክብደቱን ነው የማውቀው።»

አቶ ሲራክ ትንሽ ካመነታ በኋላ ሁለት ፈጠን፣ አንድ ዘግየት አድርጎ አንኳኳ። እንዲህ ማንኳኳት የት እንደተማረ ራሱም ልብ አላለውም።

«ማነው?» አለ አንድ ድምፅ ከሥር።

«እኔ ነኝ።» ከአፉ አመለጠው።

ከሥር የነበረው ጫጫታ ቆመ። በወንፊት ይነፋ የነበረ ሰው መንፋቱን ተወ።

«እኔ ማን?»

አቶ ሲራክ ሞሲሳን አየ። ሞሲሳ መጋዙን ይዞ ይጠብቃል። አቶ ሲራክ አናጺው እንዳይሰማው ብሎ ጎንበስ አለና የግራ ክንዱን በሩ ላይ አስደግፎ አፉን ወደ ቁልፉ ቀዳዳ አስጠጋ።

«ሲራክ ነኝ።»

«የቱ ሲራክ?»

ከቁልፉ ቀዳዳ የእርጥብ ጭቃ ሽታ መጣ።

«የጥግ ቤቱ» አለ።

«መጣ!» አለ አንድ ድምፅ። «የጥግ ቤቱ መጣ!» እያሉ ተቀባበሉት፤ ድምፁ ከቤት ወደ ቤት እየራቀ ሄደ።

ያኔ ከእንጨቱ ውስጥ አንድ መርፌ ወጣች። በግራጫው እጅጌ በኩል ብቅ ብላ ጥቁሩን ክር እስከ መጨረሻው ስባ፣ ትንሽ አለፍ ብላ ተመልሳ ገባች። እንደገና ወጣች። ስፌቱ ደቃቅና እኩል ነበር፤ በአንድ ጣት ስፋት ሦስት። ሲራክ እጁን ሳብ አደረገ፤ እጅጌው አልላቀቅ አለ፤ መርፌዋም አልቸኮለችም።

«እትዬ» አለ ሲራክ። «እትዬ እታፈራሁ።»

«ክሩን ልበጥሰው?» አለ ሞሲሳ።

ሲራክ ጆሮውን በሩ ላይ አድርጎ ያዳምጥ ነበር። መርፌዋ ሁለቱን ጎን ጨርሳ ሦስተኛውን ማዕዘን ስትዞር፣ ከሥር፣ በጣም ከቅርብ፣ እታፈራሁ «አያልነሽ፣ እስቲ መቀሱን አቀብዪኝ» ስትል ተሰማ።