መብራት በመጣ ቁጥር

መርካቶ ውስጥ መብራት ጠፋ ብሎ የሚደነግጥ ሰው እንግዳ ብቻ ነው። እኔን ግን ያስደነግጠኛል፤ እንጀራዬ በየገበያ ማዕከሉ መግቢያ ቆመው ማስታወቂያ የሚያሳዩትን ኮምፒውተሮች መጠገን ነዋ። አጠገባቸው ሰው የለም፣ ኪቦርድ የላቸውም፣ የሚታዘዙት ስክሪናቸውን በጣት በመንካት ነው፣ መብራት ድንገት ሲሄድ ይበላሻሉ። መድኃኒቱ መቆለፍ ነው። የተቆለፈ ማሽን መብራት በመጣ ቁጥር ራሱን አስነስቶ ልክ እንደተቆለፈበት ቀን ይሆናል፤ ከዚያ ወዲህ የተነካካው ሁሉ ይሰረዛል። እንዴት እኮራበት እንደነበር አትጠይቁኝ።

ሸማ ተራ አጠገብ ያለው ሕንፃ ማሽን ሲቆለፍ ፊት ላይ የነበረው ማስታወቂያ የዘከሪያ ነው። ዘከሪያ አራተኛ ፎቅ ላይ ጋቢና ነጠላ የሚሸጥ፣ ምላሱ ማር የሆነ የወሎ ልጅ ነበር። ቪዲዮውን የቀረጽኩት እኔው ነኝ። ጋቢውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ «አለሁላችሁ! አራተኛ ፎቅ ነኝ፣ ኑ ውጡ!» ይላል።

ረመዳን ሊገባ ሲል ዘከሪያ በመኪና አደጋ ሞተ። ሱቁ ሦስት ቀን ተዘግቶ ሲከፈት እህቱ ኢማን ገባችበት። አባታቸው ጋሽ ቡርሃን ግን ደረጃውን ለመውጣት አቅም አጡ።

ብዙም ሳይቆይ ኢማን ጠራችኝ።

«ምንይሉ፣ በአላህ አንሳልኝ። ሰው ከታች እሱን አይቶ ይወጣና ‹ያ ልጅ የታለ?› ይለኛል። ሞቷል እላለሁ። ያለቅሳሉ፣ አብሬ አለቅሳለሁ። አንድ ጋቢ ሳልዘረጋ ይመሻል። ስንቴ ልቅበረው?»

አነሳሁላት። ከሰዓት መብራት ጠፋ። ሲመጣ ማሽኑ ተነሳና «አለሁላችሁ!» አለ።

የመቆለፊያው የይለፍ ቃል ያለው ማሽኑን ያስመጣው ነጋዴ ዘንድ ነው፤ እሱ ደግሞ ቢሮውን ዘግቶ ስልኩን አጥፍቷል። ቪዲዮው የተቆለፈበት ዲስክ ቢቀየር ይገላግለን ነበር፤ ለዚያ የሕንፃው አስተዳደር መፍቀድ አለበት። ስብሰባ ይጠራል፣ ሰው አይሞላም። አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም። ከሶኬት ልንቀለው ብል የሌሎቹ ነጋዴዎች ማስታወቂያ አለበት፤ በቁሜ ይበሉኛል። ሙያው እያለኝ እጄን አጣምሬ መቆሜ አንገበገበኝ። የቀረው ዘዴ መብራት በመጣ ቁጥር በእጅ ማጥፋት ብቻ ነው።

«እኔ አጠፋዋለሁ» አሉ ጋሽ ቡርሃን። «ሥራ የለኝም። አሳየኝ።»

አሳየኋቸው። ጣትን ምስሉ ላይ ጫን አድርጎ ማቆየት ነው፤ «ይጥፋ?» ብሎ ይጠይቃል፣ «አዎ» የሚለውን መንካት። ጨርሼ ቀና ስል ነው ነገሩ የገባኝ። አባትን የልጁን ጉንጭ ተጭኖ እንዲያጠፋ አስተማርኩት! በራሴ አፈርኩ።

ጋሽ ቡርሃን የፕላስቲክ ወንበር አምጥተው ማሽኑ አጠገብ ተቀመጡ። መብራት ይሄዳል፣ ይጠብቃሉ። ይመጣል፣ ይነሳሉ። ተሸካሚዎች «ዞር በሉ፣ ዞር በሉ!» እያሉ ሲጋፏቸው ንቅንቅ አይሉም። እላይ ኢማን ትንሽ ቀለል አላት፤ መሸጥም ጀመረች።

የአረፋ ሰሞን አስተዳደሩ እንደምንም ተሰብስቦ ፈቀደ። ዲስኩን ይዤ ስደርስ መብራት የለም፤ ገበያተኛው መግቢያውን ሞልቶታል።

«አዲሱን አመጣሁ ጋሽ ቡርሃን። ከአሁን በኋላ እዚህ መቀመጥ የለብዎትም።»

«እሱስ?»

«አይመጣም።»

የማሽኑን በር ልከፍት ጎንበስ ስል ክንዴን ያዙኝ። «ቆይ አንተ ልጅ። መብራቱ ይምጣና።»

እንቢ ማለት አቃተኝ። ቆምን። መብራቱ መጣ፤ ማሽኑ ተነሳ። «አለሁላችሁ! አራተኛ ፎቅ ነኝ፣ ኑ ውጡ!»

ጋሽ ቡርሃን ጣታቸውን አነሱ፤ ጉንጩን ዳሰሱት እንጂ አልተጫኑትም። «አለህ ልጄ» አሉ።

የበዓል ዕቃ ያንጠለጠለች ሴት ከኋላችን ቆማ ታያለች። «አባባ፣ ይሄ ልጅ የት ነው ያለው?»

«አራተኛ ፎቅ ነው የኔ ልጅ» አሉ፤ ፊታቸው ፈክቶ። «ውጪ፣ ታገኚዋለሽ።»

ሴትየዋ አመስግናቸው ደረጃውን ተያያዘችው። ልጠራት አፌን ከፈትኩ፤ እሳቸው ፊት ምን ብዬ ልጠራት? ዲስኩን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ኢማን እላይ ብቻዋን ናት።