በረኛው ያየው

እናትየው ክፉ ነገር ከመምጣቱ በፊት ደጅ ወጥታ የምትጠብቅ ሴት ናት። ስልክ ከጮኸ ሰው ሞቷል፤ ካልጮኸም ሞቶ ደብቀዋታል። በዚያ ሁሉ ፍርሃቷ መካከል ግን የልጇ ጉድ በመጋረጃ ምክንያት ይወጣል ብላ አስባ አታውቅም።

ልጅቷ አሥራ ስድስት ዓመት ሆኗታል፤ እስከ ዛሬ አልፎ አልፎ አልጋ ላይ ያመልጣታል። ይህን አባቷ እንኳ አያውቅም። እናትየው ላውንደሪ ቤት ተቀጥራ ስለምትሠራ አንሶላውን በዘንቢል ይዛ ወጥታ፣ ታጥቦ ተተኩሶ ይዛው ትመለሳለች። ልጅቷ ታዲያ አንድ ቀን ኢንተርኔት ላይ ያለ የጤና ፎረም ውስጥ በሐሰት ስም ገባችና፣ «ይህ መድኃኒት አልሠራልኝም፤ ሌላ የሚያውቅ አለ?» ብላ ጠየቀች። የብልቃጡን ፎቶም አብራ ለጠፈች። ከብልቃጡ ኋላ የቤታቸው መጋረጃ ይታያል፤ ቢጫ አውራ ዶሮዎች ያሉበት፣ እናትየው «ማንም ቤት የለም» ብላ የገዛችው። እውነትም ማንም ቤት አልነበረም። የክፍሏ ልጅ አይታ ወዲያው አወቀችውና የልጅቷን ስም ከሥሩ ጻፈች።

«ጀልባ ግዙላት» አለ አንዱ። «የሚያገባት ሰው አስቀድሞ ዋና ይማር» አለ ሌላው። የማያውቋት ሰዎች ሁሉ እየመጡ ሳቁባት።

እናትየው ስታነብ ምራቋ መረራት። «አሳዳጊ የበደላችሁ!» ብላ ጀምራ ረጅም ስድብ ጻፈች። አዲስ ቃል የተጻፈበት ወሬ ሁሉ ወደ ላይ እንደሚወጣ አላወቀችም ነበር። ተረስቶ ታች ወርዶ የነበረው ጉድ በእሷ ስድብ ተመልሶ አናት ላይ ወጣ።

«እማዬ፣ ምን አደረግሽ?» አለች ልጅቷ። ከስድቡ ሥር ደግሞ፣ «እናቷም መጣች፤ ፍራሹን ተሸክማ» የሚል ተጽፏል።

አጥፉልኝ ብላ ለፎረሙ ብታመለክት «መልእክትዎ ደርሶናል» ብሎ ማሽን መለሰላት። ቢጨንቃት ወደ ባሏ ታላቅ ወንድም ቤት ሄደች። እሱ ከፎረሙ ተቆጣጣሪዎች አንዱ ነው።

ክፍሉ መስኮቱ ተከፍቶ አያውቅም። ሰውየው ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጦ የተቀቀለ እንቁላል ይልጣል፤ ቅርፊቱ በኪቦርዱ ፊደሎች መሐል ገብቷል። የቆረጠው ጥፍር ሳህን ላይ ተከምሯል። እሷ ጥፍሩን ላለማየት ጣሪያ ጣሪያውን እያየች ነገረችው።

«ጋሼ፣ እባክዎን ያጥፉልኝ። ለአባቷም እንዳይነግሩብኝ።»

«ይጠፋል፣ ይጠፋል። የዛሬ ፎረም እኮ ወና ቤት ነው፤ ያለፈ ያገደመው ሁሉ ይጸዳዳበታል። የእኔን ቦርድ ታስታውሻለሽ?»

እንዴት ትረሳዋለች! ኢንተርኔት በየቤቱ ሳይገባ ነው። እሱ ኮምፒውተሩን ከስልኩ መስመር ጋር ያገናኛል፤ ኮምፒውተር ያገኘ ሰው ይደውልና ይገባል። አንዱ ሳይወጣ ሌላው አይገባም። ቦርድ በሚለው ሰሌዳ ላይ ለሁሉም ይጻፋል፤ ለወዳጅ ደግሞ ለብቻው የሚነበብ ደብዳቤ ይተዋል። እሱ እዚያ «በረኛው» ይባል ነበር። እሷም ያኔ አንድ ቢሮ ውስጥ ታይፒስት ነበረችና፣ አለቃዋ ምሳ ሲወጣ ትደውል ነበር።

«በእኔ ቦርድ ላይ ባለጌ አልነበረም። የተሳደበ እንደሆነ ለእናቱ ነበር የምደውለው! አሁን ለማን ትደውያለሽ?»

«እውነትዎን ነው ጋሼ። ያ የጨዋ ቤት ነበር።» ከልቧ ነው ያለችው።

«የጨዋ!» ብሎ ሳቀ፤ አስኳሉ ከንፈሩ ላይ ቀርቷል። «አንቺስ ወንድሜን ‹እጁ እርጥብ ፎጣ ነው፤ ሲነካኝ ይቀፈኛል› ብለሽው የለ?»

እናትየው ዐይኗን ከጣሪያው አወረደች። ይህን ቃል አንድ ጊዜ ብቻ ነው የጻፈችው፤ ወንድሙ ሊያገባት በጠየቃት ሰሞን፣ ለጓደኛዋ በምትጽፈው ደብዳቤ ላይ። ጽፋ አየችውና አፈረች፤ ፊደል በፊደል አጥፍታ «ደኅና ሰው ይመስላል» ብላ ላከችው። ለጓደኛዋ እንኳ አልደረሰም።

«ከየት አወቁት?»

«የደወለ ሰው የሚጽፈው እኔ ስክሪን ላይ ይታያላ፤ ሲጽፍም፣ ሲያጠፋም። ዐይኔን ልጨፍን ኖሯል? ደብዳቤ ግን፣ ወንድሜ ይሙት፣ አላነበብኩም!»

ወንድሙ ማለት ባሏ ነው። በሐሰት መሐላ ባሏን ገድሎባት እንቁላሉን ዋጠ።

በሠርጓ፣ በክርስትናው፣ በየሐዘኑ ፊት ለፊቷ ተቀምጦ ፈገግ ሲል ኖሯል። የውስጥ ልብሷን ለብሶ ሲመላለስባት የኖረ መሰላት።

«አሁንማ ከዚያም ቀሏል» አለ፤ ስክሪኑ ላይ ያለችውን ትንሽ የፖስታ ሥዕል እያሳያት። «የልጅቷ የግል መልእክት እዚህ ነው። ከማን ጋ እንደምትጻጻፍ ላሳይሽ? እናት አይደለሽ?»

«ተነስ!»

ካገባች ጀምሮ አንተ ብላው አታውቅም። «ምን አልሽ?»

«ከወንበሩ ተነስ!»

ተነሣ፤ ቅርፊቱ ከጭኑ ረገፈ። ተቀመጠች። የወንበሩ ሙቀት በቀሚሷ ዘልቆ ገላዋን ሲነካት ዘገነናት። «አጥፋ» የሚለውን ነካች፤ ወሬው ከነጀልባው ከነፍራሹ ጠፋ። ፖስታዋ ግን እዚያው አለች።

ከማን ጋ ነው የምትጻጻፈው? ጎረምሳ ቢሆንስ? ከቤት ልትጠፋ ተማክራ ቢሆንስ? የእናትየው እጅ ማውሱን ይዞ ሳታዘው ሄደ፤ ፖስታዋ ላይ ደረሰ።

«እዪው እንጂ፤ ማን ያውቅብሻል» አለ ከኋላዋ። ትንፋሹ እንቁላል እንቁላል እያለ አንገቷ ላይ አረፈ።

እሳት እንደነካት እጇን ሰበሰበች። የልጅቷን አካውንት ከነፖስታዋ ዘጋችና ተነሥታ መዳፏን በቀሚሷ ጠረገች።

«የፎጣውን ነገር ለወንድሜ ብነግረውስ?» አለ፤ ደፍራኛለች ብሎ ተናዷል።

«ንገረው። ከየት እንዳገኘኸውም አብረህ ንገረው።»

ቤት ስትደርስ ልጅቷ ግድግዳ ግድግዳውን እያየች ተኝታለች። «ጠፍቷል፤ አካውንትሽንም ዘግቼዋለሁ» አለቻት።

ልጅቷ ብድግ አለች። «እንዴት ገባሽ? መልእክቶቼን አነበብሽ?»

«አላነበብኩም።»

ቃሉ ከአፏ ሲወጣ የበረኛውን ድምፅ ሰማች። «ልጄ ት…» ብላ ጀምራ መሐላውን ዋጠችው። ልጅቷ ትክ ብላ እያየቻት ነው። እንዳላመነቻት ገባት፤ የምታሳምንበትም ነገር የላትም።

«እጄ ደርሶ ነበር» አለች በመጨረሻ። «ተውኩት።»

«ለምን ደረሰ?»

«ፈርቼ።»

ልጅቷ ዐይኗን ወደ መስኮቱ መለሰች። «ያንን መጋረጃ አውርጂው» አለች።

እናትየው ወንበር ላይ ወጥታ ዶሮዎቹን አወረደች። መስኮቱ ባዶውን ቀረ፤ ማዶ ፎቅ ላይ አንድ ሰው በካናቴራ ቆሞ ወደ እነሱ ያያል። «ወይ ጉዴ!» ብላ ከዘንቢሉ ውስጥ የታጠበውን አንሶላ መዘዘችና መስቀል ጀመረች። ወንበሩ ተንገዳገደ።

ልጅቷ መጥታ ያዘችላት። ፊቷን ግን ወደ ግድግዳው አዙራ ነው።