የመሬት ልክ

ቀጭ... ቀጭ... ቀጭ። ከመኝታ ቤቱ ማዶ አንድ ብረት ግድግዳ እየነካ ይሄዳል። የታመመችው ሚስት ጆሮዋን አቀናች። የባሏ ሜትር ጫፍ ነው፤ ስንት ዘመን የሰማችው ድምፅ እንዴት ይጠፋታል? ግን ልብስ ሰፊ ግድግዳ ምን ብሎ ይለካል? ብርድ ልብሷን ተከናንባ ወጣች።

ባሏ ወንበር ላይ ቆሞ በተለጠፈው የዓለም ካርታ ላይ ልጃቸው ካለችበት ከተማ እስከራሳቸው ከተማ ይለካል። ወንበሩን የያዘለት ሹፌሩ ወንድሟ ነው።

"አሥራ አራት ሺህ አራት መቶ ኪሎ ሜትር!" አለ ባል እየወረደ። "አውሮፕላኑ በሰዓት ዘጠኝ መቶ ቢሄድ፣ አሥራ ስድስት ሰዓት። የመድኃኒቱ በረዶ የሚቆየው አሥራ አራት ሰዓት ነው። መንገድ ላይ ይበላሻል!"

የሚያስፈልጋት መርፌ እዚህ አይገኝም። ልጃቸው በበረዶ ሣጥን አሽጋ ልታመጣው፣ ያለችበትን ሩቅ ከተማ ለቃ ልትነሳ አውሮፕላን ማረፊያ ተቀምጣለች። ቤት ያለው ደግሞ ነገ ያልቃል።

"ቲኬቱ ላይ ሰዓት የለም እንዴ?"

"መነሻው በነሱ ሰዓት፣ መድረሻው በኛ ሰዓት ነው የተጻፈው። ማን ይፈታዋል? እኔ የማምነው ሜትሬን ነው።" ስልኩን አነሳ። "ትቅር። መንገድ ላይ በሚያድረው አውሮፕላን፣ በረዶ በሚቀየርበት፣ በሳምንቱ ትምጣ።"

"በሳምንቱ እኔን የት ልታገኘኝ?"

"ጋሼ፣ ለአብራሪው ደውልለትና ነዳጅ ይርገጥ በለው" አለ ወንድሟ።

"ዝም በል አንተ! የቀልድ ሰዓት ነው?"

ሚስት ካርታውን ትክ ብላ አየችው። ጠረጴዛ ላይ እንደተዘረጋ ጨርቅ ዝርግ ብሏል።

"ስማኝማ ሰውዬ፣ ሱሪ የምትለካው ጠረጴዛ ላይ ነው ወይስ ሰው ላይ?"

"ሰው ላይ ነዋ! ጨርቅ የሰውን ጉብታ መች ያውቃል?"

"መሬትስ ጉብታ የላትም?"

እሷ ወደ መስፊያው ሄዳ ያላለቀውን ባርኔጣ አነሳች። ከሥሩ የልጃቸው የትምህርት ቤት ሉል ብቅ አለ፤ እግሩ ከተሰበረ ወዲህ የባርኔጣ መወጠሪያ ሆኖ ቀርቷል። ክር መዛ አንዱን ጫፍ ልጇ ያለችበት ከተማ ላይ በአውራ ጣቷ ያዘች፣ ሌላውን ወደራሳቸው ከተማ ሳበች። ክሩ የካርታውን መንገድ እምቢ አለ። ሽቅብ ተንሸራቶ፣ የሰሜኑን በረዶ አቋርጦ ቀጥ አለ።

"የመሬትን ወገብ ለካ" አለችው።

"ስልሳ ሳንቲ ሜትር!" የወገቧ ዙሪያ አርባ ሺህ ኪሎ ሜትር መሆኑ ሉሉ ላይ ተጽፏል። ክሩንም ለካ። "አሥራ አምስት... ሩቧ ነው! አሥር ሺህ! አሥራ አንድ ሰዓት ከምናምን!"

"ሦስት ሰዓት ገደማ ተረፈን ማለት ነው" አለ ወንድሟ፤ አሁን አልቀለደም።

ስልኩ ባል እጅ ላይ እንዳለ ጮኸ። "አባዬ፣ በሩ ሊዘጋ ነው፤ ልግባ ወይስ ልቅር?"

"ግቢ! ግቢ ልጄ!"

በማግስቱ ልጅቷ ሣጥኗን አቅፋ ገባች። ኮቷን እንኳ ሳታወልቅ ከፈተችው። በረዶው የእንቁላል ያህል አክሎ ቀርቷል፤ ግን አለ። መድኃኒቱ እጅ ያቃጥላል፣ በብርድ።

"ይኸው እማዬ።"

ሚስት ልጇ ላይ ተደገፈች፤ ሁለቱም ሳቁ። ወንድሟ "ተመስገን፣ ተመስገን" እያለ ክፍሉን ዞረው።

ባል አንድ ጣቱን በረዶው ላይ አኖረ። እስኪደነዝዝ አላነሳውም። ከዚያ "ትቅር ያልኩት እኔ ነኝ" ብሎ፣ ማንንም ሳያይ በሩን ከፍቶ ወጣ።

"አንተ! ወዴት ነው?"

ኮቴው ደረጃውን ሲወርድ ተሰማ።