ቢላዋው የተሻገረው ሐይቅ

ኮምፒውተሩ የባክቴሪያውን የዘር ሐረግ ስሎ እስኪጨርስ ሦስት ጊዜ ተነስቼ ተቀመጥኩ። ከዐሥራ ሁለት የሙዝ እርሻዎች የሰበሰብኩት ነው፤ ግንዱን ከውስጥ እያበሰበሰ ሙዙን የሚያጠወልገው። ዘረመሉን ፊደል በፊደል እያነጻጸርን የትኛው ከየትኛው እንደተወለደ እንለያለን።

የቸኮልኩት ለአክስቴ ነው። የሷ ሙዝ የታመመው ከጎረቤቷ ከአናጢው ቀጥሎ ስለሆነ "በሽታውን ያመጣብኝ እሱ ነው" ብላ ሰላምታ ነስታዋለች፤ ክሱንም አጽፋ ነገ ልታስገባ ነው።

ሥዕሉ ወጣ። የአናጢው ባክቴሪያ ከአክስቴ በሠላሳ አንድ ፊደል ይለያል። የአክስቴን የሚመስለው ከሐይቁ ማዶ ያለው አራተኛው እርሻ ነው፤ በአንድ ፊደል እንኳ አይለያዩም።

"ሐይቅ ተሻገረ ማለት ነው?" አለ የላቦራቶሪው ኃላፊ በትከሻዬ ላይ አጮልቆ። "ነፋስ ይሆን? ጥሩ ጽሑፍ ይወጣዋል።"

የመስክ ደብተሬን ገለጥኩ። መጀመሪያ የወጣሁ ቀን ጠዋት አራተኛው እርሻ፣ ከሰዓት አክስቴ ጋ። የሷ ሙዝ ያኔ ጤነኛ ነበር፤ የቆረጥኩት ለማነጻጸሪያ ነው፤ ባክቴሪያውን የወሰድኩት በኋላ ሲታመም ተመልሼ ነው። በመሀል የምቆርጥበት ቢላዋ በረኪና ውስጥ ዐሥር ደቂቃ መቆየት ነበረበት። ጀልባው ሊነሳ ሲል በጨርቅ ጠርጌው ሮጥኩ። ደብተሩ ላይ ግን "ዐሥር ደቂቃ" ብዬ ጽፌያለሁ።

"ነፋስ አይደለም" አልኩት። "እኔ ነኝ።"

ከሰዓት አክስቴ ቤት ደረስኩ። "ተቀመጪ" ብትለኝም ቆሜ ነገርኳት።

"በሰባት ወርሽ የተወለድሽ ጊዜ ነበር መጠርጠር የነበረብኝ" አለች። በበሩ ወደ ሙዙ እያየች፣ "ስንቱ ይነቀል?"

"ሁሉም።"

የክሱን ወረቀት ከመሳቢያ አውጥታ አራት ቦታ አጠፈችው። "ያን ሰውዬ አሁን በምን ዓይኔ ነው የማየው? ነይ፣ ቅደሚ። አፍ ያለሽ አንቺ ነሽ።"

አናጢው ግቢው ውስጥ ጣውላ ሲልግ አገኘነው። አክስቴ ከኋላዬ "እንደምን ዋልክ" ብላ መሬት መሬት አየች። ሁለት ወር ሙሉ ያልሰማው ቃል ስለሆነ መላጊያውን አቆመ። ሁሉንም ነገርኩት፤ ቢላዋውንም፣ ደብተሩንም።

"እሺ፣ የሷን አንቺ ገደልሽው" አለ። "የኔንስ?"

"ገና አላውቅም።"

"ታዲያ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?" አለና ወደ ጣውላው ተመለሰ።