ትንፋሽ፣ በግራ በኩል

አላወቀችኝም፣ ወይ አውቃኝ እንዳላወቀች ሆናለች፣ ከሁለቱ የቱ እንደሚሻለኝ እኔም አላውቅም፣ ኮፍያዬን እስከ ቅንድቤ ስቤ ከኋላ ጥጉን ይዣለሁ፣ ይህ ያለበሱን ብርቱካናማ ቱታ ደግነቱ ሰውን ሁሉ አንድ ያደርገዋል፣ ሃምሳ መንገደኛ፣ ሃምሳ ካሮት፣ ከካሮቶቹ አንዱ አባቷ። ሲግሩን። ከጀልባዋ መሪ ክፍል ፊት ቆማ በማይክሮፎን ታወራለች፣ ድምጿ ጎርነን ብሏል፣ የእናቷን ድምፅ ወርሳለች፣ መቼ እንደወረሰች ያየ የለም፣ እኔ ማለቴ ነው፣ እኔ አላየሁም።

አሥራ አንድ ዓመት። ከቤቴ እስከ ቤቷ በእግር ሩብ ሰዓት። ከተማችን አንዴነስ እንደሆነ ከመዳፍ አይሰፋም፣ ሱቅ ውስጥ ስንገጣጠም እሷ ወደ ወተቱ እኔ ወደ ዳቦው፣ እንዲህ እየተላለፍን ኖርን፣ ትናንት ታዲያ ባለሱቋ፣ ኦድቫር፣ ልጅህ እኮ ቅዳሜ ጠቅልላ በርገን ከተማ ልትገባ ነው፣ አልነገረችህም እንዴ፣ አለችኝ። ነግራኛለች እንጂ አልኳት። ውሸታም ሽማግሌ። ዳቦውን እንኳ ረስቼ ወጣሁ፣ ዛሬ ጠዋት ደግሞ እንደ ባዕድ ትኬት ቆርጬ እሷ ዓሣ ነባሪ የምታስጎበኝበት ጀልባ ላይ፣ ምን ልላት? እንጃ። ድምጿን ልስማ ብዬ ነው፣ ለባዕድ የምትሰጠውን ድምፅ።

ጀልባዋ ትነሳለች፣ ትወድቃለች፣ አጠገቤ ያለችው ሴትዮ ፊቷ አመድ መስሏል፣ ከስታቫንገር ነኝ ብላኛለች፣ አባባ፣ እርስዎን አያጥወለውልዎትም? የለም። ዓሣ ነባሪ አይተው ያውቃሉ? አልፎ አልፎ። ውይ ታድለው፣ በምን አጋጣሚ? በሥራ። ምን ይሠሩ ነበር? ምን ልበላት፣ እመቤቴ፣ እገድላቸው ነበር፣ ሠላሳ አራት ዓመት፣ ትንንሾቹን፣ በሕግ በፈቃድ፣ ከጀልባዬ አፍንጫ ላይ ቆሜ በመድፍ፣ አገሩ በሙሉ በልቷቸዋል፣ አንቺም በልተሽ ይሆናል፣ ዓሣ አጥማጅ ነበርኩ እላታለሁ፣ ደስ ይላታል፣ ወዲያው ጎንበስ ብላ የሰጧትን ከረጢት ትሞላለች፣ እግዜር ይማርሽ።

ከትልልቆቹ ዓሣ ነባሪዎች እዚህ ሰሜን ድረስ የሚመጡት ወንዶቹ ብቻ ናቸው፣ ትላለች ሲግሩን፣ ሴቶቹና ልጆቹ ከሞቃቱ ባሕር ይቀራሉ፣ እነሱ ብቻቸውን እዚህ ከባሕሩ በታች ያለው ገደል ውስጥ እየጠለቁ ይበላሉ። ወንድ መቼም ለሆዱ ነው፣ ይላል አንዱ፣ ሰዉ ይስቃል። በየቀኑ የምትለው ነው፣ ለእኔ ብላ አይደለም፣ ለእኔ ብላ ብትሆን ባልከፋኝ።

አባዬ፣ እማዬ ብሶባታል፣ ተመለስ። በሬዲዮ፣ የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት። ሰኔ ነበር፣ ባሕሩ ወተት፣ ጀልባዬ ላይ ገና ትኩስ የዓሣ ነባሪ ገላ ተጋድሟል፣ ነገ እመለሳለሁ አልኳት፣ በማግስቱ ሌላ አገኘን፣ እንግዲህ ይችን ጨርሰን አልኩ፣ እናቷ ቦርግሂልድ ጠንካራ ናት አልኩ፣ የበረዶውን ወራት አልፋው የለ፣ ብዙ ነገር አልኩ፣ እውነቱ ግን ፈራሁ፣ ይኸው፣ ሚስቴ ስትሞት ማየት ፈራሁ፣ ባሕር የማይፈራው ሰውዬ አንዲት አልጋ ፈርቶ ሦስት ቀን ደም ውስጥ ተደበቀ። ስደርስ አልጋው ተነጥፏል። ሲግሩን በሩ ላይ ቆማ፣ ደም ደም ትሸታለህ፣ አትግባ። አልገባሁም። ሥራ ይዞኝ ነው አልኳት። ምን ዓይነት ጅል ነው ፈሪ ከመባል ጨካኝ መባልን የሚመርጥ?

በቀኝ፣ በቀኝ በኩል ተመልከቱ ትላለች፣ የውኃ ውስጥ ማዳመጫው ከዚያ ሰምቷል መሰለኝ፣ ሃምሳው ካሮት ስልኩን አንስቶ ወደ ቀኝ ይግተለተላል፣ የእኔ ዓይን ግን የለመደውን አይተውም፣ ሰው የሌለበትን ጎን ያያል፣ እና እዚያ፣ ሩቅ፣ ግራጫ በግራጫ ላይ፣ አንድ ጭስ፣ ዘንበል ያለ፣ ጠፋ። ብቻዬን አየሁት። ዝም ብል ማንም አያውቅም፣ ጥቂት ይተነፍስና ይጠልቃል፣ ከዚያ ደህና ሰንብት፣ ብጮኽ ግን ታውቀኛለች፣ ይህን ጩኸት በልጅነቷ ትከሻዬ ላይ ሆና ሰምታዋለች፣ ዝም በል ኦድቫር፣ ተቀመጥ፣ ሰው አትረብሽ፣ እንደ ያኔው ዝም በል፣ እንደ ያኔው

ትንፋሽ! በግራ በኩል!

ከእኔ ነው የወጣው? ከዚያ ድምጿ፣ ቀስ ብሎ፣ ለሃምሳ ሰው ሳይሆን ለአንድ፣ ርቀቱስ? ኪሎ ሜትር አይሞላም! እላለሁ፣ ጀልባዋ ትዞራለች፣ እንቀርባለን፣ ውኃ የበላው ግንድ የመሰለ ጀርባ፣ አይቸኩልም፣ ይተነፍሳል፣ እንደገና ይተነፍሳል፣ ከዚያ ይጎብጥና ጅራቱን ቀጥ አድርጎ ወደ ሰማይ፣ ውኃው እየወረደበት፣ ሴትዮዋ ክንዴን ጨምድዳ ታለቅሳለች፣ እኔ ሲሄድ አይቼ አላውቅም፣ የእኔዎቹ ሁሉ ከዚህ በፊት ያልቅላቸው ነበር።

ሲግሩን ሾርባ ይዛ ትወርዳለች፣ አንድ በአንድ እያደለች፣ ወደ እኔ፣ ኮፍያዬን ላውልቅ? አወልቃለሁ። ጥሩ ዓይን አለዎት፣ ትለኛለች። አለዎት። ለመንገደኛ የሚባለው ነው፣ መንገደኛ ነኝና። ሴትዮዋ ትሰማለች፣ ትስማ። ሲግሩን፣ ያኔ ሥራ አልያዘኝም ነበር፣ ፈርቼ ነው። ኩባያው በመሃላችን ይጨሳል፣ እሷ አልሰጠችኝ፣ እኔ አልተቀበልኳት፣ አውቃለሁ፣ ትላለች። ታውቂ ነበር? እኔም ፈርቼ ነበር፣ ብቻዬን ነበርኩ፣ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር።

ኩባያውን ታስይዘኛለች፣ ጠጣ፣ ይቀዘቅዝብሃል፣ ብላ ወደ ስታቫንገሯ ሴትዮ ትዞራለች፣ ለእርስዎስ እመቤቴ፣ ወደ ኋላ አላየችም፣ ቅዳሜ ትሄዳለች፣ መሄዷ አይቀርም፣ ሾርባው ጨው በዝቶበታል፣ ምላሴን ይፈጀኛል፣ ይቀዘቅዝብሃል ነው ያለችው፣ ብሃል፣ እጠጣዋለሁ።